ማሽኑን ተከራዩ፣ ዲስኩን ግዙ

ለአጭር የቤት ውስጥ የእንጨት ሥራ መጋዝ ልግዛ ወይስ ልከራይ? ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ሲገጥመኝ እኔም መልሼ እጠይቀዋለሁ። ምን ምን ትቆርጣለህ? አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ዝም ይላል። ስለ ዋት ያውቃል፣ ስለ ባትሪ ያውቃል፣ የትኛው ብራንድ ይሻላል በሚለው ላይ ሲከራከር ሊያመሽ ይችላል። የሚቆርጠውን እንጨት ዝርዝር ግን አልጻፈም። ያለ ዝርዝር ደግሞ የገዛም ያባክናል፣ የተከራየም ያባክናል።

ስለዚህ ከወረቀት ጀምሩ። የምትሠሩትን ነገር፣ መደርደሪያም ይሁን ጠረጴዛ ወይም የአልጋ ርብራብ፣ በእጃችሁ ሳሉት። ማማር የለበትም። ከዚያ የእያንዳንዱን ቁራጭ ርዝመት፣ ስፋትና ውፍረት በሚሊሜትር ጻፉ። ከጎኑ ደግሞ ቆረጣው ምን ዓይነት እንደሆነ አስፍሩ፦ ረጅምና ቀጥ ያለ ነው፣ የጣውላ ጫፍ ማሳጠር ነው፣ ሰያፍ ነው ወይስ ኩርባ? ብዙ ጊዜ አይወስድም፤ ገንዘብ የሚተርፈው ግን እዚህ ላይ ነው። ዝርዝሩ ሲያልቅ ትልቅ የመሰላችሁ ሥራ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ቆረጣ ብቻ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከኮምፔንሳቶ የሚሠራ መደርደሪያን ውሰዱ። ከሙሉው ኮምፔንሳቶ ላይ የሚወጡ ጥቂት ረጃጅም ቆረጣዎች አሉ፣ ከዚያ እነሱን በልካቸው ማሳጠር ነው፣ አለቀ። ኩርባ ስለሌለው ጂግሶ የሚባለው የኩርባ መጋዝ አያስፈልገውም። ሰያፍ ስለሌለው የሰያፍ ቆረጣው ማይተር መጋዝም አያስፈልገውም።

ረጃጅሞቹን በተመለከተ፣ ለኪራይም ለግዢም ከመክፈላችሁ በፊት እንጨቱን የምትገዙበት ቦታ የመቁረጫ ማሽን እንዳለው ጠይቁ። ካለው እዚያው አስቆርጡት። 1220 በ2440 ሚሊሜትር የሆነ፣ 18 ሚሊ ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ ወደ 30 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ይመዝናል፤ ብቻውን ለሚሠራ ሰው ማንሳቱ ይቅርና ማዞሩ ራሱ ፈተና ነው። ተቆርጦ ሲመጣ ማጓጓዙም ይቀላል። አንዳንዴ ዝርዝሩ በሙሉ እዚያው ያልቅና የኪራዩ ነገር ከነጭራሹ ይቀራል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። መጋዝ ሲቆርጥ እንጨት ይበላል። ዲስኩ፣ ማለትም ጥርስ ያለው ክብ ምላጭ፣ አልፎ የሚተወው ክፍተት ብዙውን ጊዜ 3 ሚሊ አካባቢ ነው፤ በቀጫጭን ዲስኮች ከ2 ሚሊ በታች ይወርዳል። 1220 ሚሊ የሚሰፋውን ለ4 እኩል እከፍላለሁ ብላችሁ በዝርዝሩ ላይ 305፣ 305 እያላችሁ ከጻፋችሁ የመጨረሻው ቁራጭ ይጎድላል። ለ4 ለመክፈል 3 ጊዜ ይቆረጣል። 3 ጊዜ 3 ሚሊ 9 ሚሊ ይበላል። የሚቀረው 1211 ለ4 ሲካፈል ከ303 በትንሹ ያንሳል። ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ 302 ብላችሁ ጻፉና በሰላም ሥሩ። ሲቆርጡላችሁ ደግሞ እኩል መሆን ያለባቸውን ቁራጮች የማሽኑን ልክ ሳይነኩ በተከታታይ እንዲቆርጧቸው ጠይቁ። የመደርደሪያ ሁለት ጎኖች 1 ሚሊ ቢያጥሩ ማንም አያውቅም። አንዱ ከሌላው 1 ሚሊ ካጠረ ግን መደርደሪያው ይንገዳገዳል።

የእጅ መጋዝ ግን ግዙ። እዚህ ላይ አላመነታም። ማሽን ተከራያችሁም አልተከራያችሁም አንድ ጥሩ የእጅ መጋዝ ቤት ውስጥ መኖር አለበት፤ ማሽኑን በመለሳችሁ ማግስት አንድ ጣውላ 2 ሚሊ ረዝሞ አልገባም ሊላችሁ ይችላልና። ያላችሁ ሥራ ጥቂት ሞራሌና ጣውላ ማሳጠር ብቻ ከሆነ ደግሞ ማሽን ለማምጣትና ለመመለስ በሚሄደው ጊዜ በእጅ ጨርሳችሁት ታርፋላችሁ። ድምፅ የለው፣ ገመድ የለው፣ ማታም ቢሆን ጎረቤት አይረበሽም።

ስትገዙ ጥርሱን እዩ። በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ጥርስ እንዳለው አብዛኛውን ጊዜ ብረቱ ላይ ወይም ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። 7 ወይም 8 ከሆነ ቶሎ ይቆርጣል፣ ጠርዙን ግን ያሻክረዋል። ከ10 እስከ 12 ከሆነ ይዘገያል፣ ንጹሕ አድርጎ ግን ይቆርጣል። ለቤት ዕቃ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የጥርሶቹ ጫፍ ጠቆር ያለ ከሆነ በሙቀት የጠነከረ ነው ማለት ነው፤ ስለቱ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ሲደንዝ ግን በሞረድ ስለማይሳል ይጣላል። ሌላው ምርጫ የጃፓን መጋዝ ነው። እሱ ሲገፋ ሳይሆን ሲሳብ ነው የሚቆርጠው። ሲሳብ ብረቱ ስለሚወጠር አይታጠፍም፤ ስለዚህ በጣም ቀጭን አድርገው ይሠሩታል፣ የሚበላው እንጨትም ከ1 ሚሊ በታች ነው። እጁ ገና ላልለመደ ሰው ይህኛው ቶሎ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ፣ ጉልበት አይጠይቅምና።

በእጅ መጋዝ ሰው የሚቸገረው አጀማመሩ ላይ ነው። ጥርሱ ይዘላል፣ እንጨቱን ይቧጥጠዋል፣ መስመሩ ይጠፋል። መላ አለው። መስመሩን በእርሳስ ብቻ አትተዉት፤ ስኳድራ አስደግፋችሁ በሹል ቢላ ደግማችሁ አስምሩበት። ቢላው የላይኛውን ቃጫ ስለሚቆርጠው ጥርሱ የሚይዘው ቦይ ያገኛል፣ ጠርዙም አይሰነጣጠቅም። ከዚያ የአውራ ጣታችሁን አንጓ ከጥርሶቹ ከፍ አድርጋችሁ ብረቱ ላይ አስደግፉ፣ መጋዙንም ሳትጫኑ ሁለት ሦስቴ ወደ ራሳችሁ ብቻ ሳቡት። ቦይ ሲያወጣ አውራ ጣታችሁን አንሡና በመጋዙ ሙሉ ርዝመት ቁረጡ። ጠቋሚ ጣታችሁ በመያዣው ጎን ወደ ፊት ይቀሰር፤ ያኔ ክርናችሁና መጋዙ አንድ መስመር ይይዛሉ። ጥርሱ መሄድ ያለበት በሚጣለው ቁራጭ በኩል ነው፣ መስመሩ ራሱ እንጨቱ ላይ ሲቀር ማየት አለባችሁ። ሊያልቅ ሲል በሌላው እጃችሁ የሚወድቀውን ደግፉት። ካልደገፋችሁት በራሱ ክብደት ይሰበርና ከዋናው እንጨት ጥግ ላይ ስንጣሪ ይዞ ይሄዳል።

አሁን ወደ ማሽኑ። ለአጭር ሥራ ልከራይ ካላችሁ ኪራዩ የሚገባው ለሰርኩላር መጋዝ ነው፣ በእጅ ተይዞ ክብ ዲስክ እያዞረ ለሚቆርጠው ማሽን። 184 ወይም 190 ሚሊ ዲስክ ያለው የተለመደው ዓይነት 60 ሚሊ ገደማ ውፍረት ይቆርጣል፤ የቤት ዕቃ ከዚያ በላይ አይጠይቅም። ትልቅ እንጨት ተሸክማችሁ ወደ ማሽኑ አትሄዱም፣ ማሽኑ ነው ወደ እንጨቱ የሚሄደው። ቀጥ ያለ ጣውላ በሞርሴቶ (እንጨት አጥብቆ በሚይዝ ማሰሪያ) አስራችሁ መሪ ካደረጋችሁለት ደግሞ የትልልቆቹን ማሽኖች ያህል ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል።

ጂግሶ ለኩርባ ነው። አፈጣጠሩ ደስ ይለኛል። በ1946 እ.ኤ.አ. አልበርት ካውፍማን የተባለ፣ ሲንቲላ በሚባል የስዊዘርላንድ ኩባንያ ውስጥ የሚሠራ መሐንዲስ ከባለቤቱ ስፌት መኪና ላይ መርፌውን አውጥቶ በቦታው የመጋዝ ብረት ገጠመበትና ሐሳቡ ከዚያ መጣ ይባላል። ዛሬም የጂግሶ ምላጭ እንደዚያ መርፌ ነው፣ ወደ ላይ ወደ ታች ይላል። አንድ ጫፉ ብቻ ስለተያዘም ወፍራም እንጨት ውስጥ ይታጠፋል። ከላይ ስታዩት መስመሩን ይዟል፣ ገልብጣችሁ ስታዩት ሸሽቷል። ስለዚህ ከተዋሳችሁ ወይም ካላችሁ ጥሩ፣ ረጅም ቀጥ ያለ ቆረጣ ግን አትጠብቁበት። ማይተር መጋዝ ልከራይ የምትሉት አንድ ዓይነት ርዝመት ያላቸው ብዙ ቁራጮች ሲኖሯችሁ ነው፣ የአልጋ ርብራብ ዓይነት። አንዴ ማቆሚያ እንጨት ካሰራችሁለት በኋላ ሳትለኩ ትቆርጣላችሁ፣ ሁሉም እኩል ይወጣል። ስፋት ላይ ግን ገደብ አለበት። 254 ሚሊ ዲስክ ያለውና የማይንሸራተተው ዓይነት ከ140 ሚሊ ብዙም አይሰፋለትም፤ እንጨትን በርዝመቱ ለመሰንጠቅም አይሆንም።

የጠረጴዛ መጋዝስ፣ ዲስኩ ከጠረጴዛው ላይ ብቅ ብሎ እንጨቱ የሚገፋበት? ልምድ ለሌለው ሰው ለአንድ ቀን ተከራይተህ ሥራበት አልልም። ድንቅ ማሽን ነው፣ ግን ልማድ ይጠይቃል፤ እጅ ወደ ዲስኩ እየቀረበ የሚሠራበት ማሽን ነውና። ሰዓት እየቆጠረ፣ ኪራይ እየቆጠረ የሚማሩት ነገር አይደለም።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄኛውን ያዙልኝ፦ ማሽኑን ተከራዩ፣ ዲስኩን ግዙ። ቆረጣን ንጹሕ የሚያደርገው ሞተሩ አይደለም፣ ጥርሱ ነው። የኪራይ ማሽን ላይ ያለው ዲስክ በስንት ሰው እጅ እንዳለፈ፣ ምስማር ይቁረጥ ሲሚንቶ የነካው የግንባታ ፎርም እንጨት ይቁረጥ አታውቁም። የደነዘ ዲስክ እንጨቱን ያቃጥለዋል፣ ጠርዙን ይቆራርጠዋል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንድትገፉት ያደርጋችኋል። ማሽን በጉልበት መገፋት ሲጀምር አደጋው ቀረበ ማለት ነው። አዲስ ዲስክ ከማሽኑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፣ የእናንተው ሆኖም ይቀራል፤ በሌላ ጊዜ ስትከራዩም ይዛችሁት ትሄዳላችሁ።

የትኛው ዲስክ? በ190 ሚሊ ገደማ 24 ጥርስ ያለው ለሻካራና ለፈጣን ሥራ ነው፣ ጣውላን በርዝመቱ ለመሰንጠቅም እሱ ይሻላል። 40 ጥርስ ያለው ለሁሉም ይሆናል። ለኮምፔንሳቶ፣ በተለይ ፊቱ ስስ ሽፋን ለሆነው፣ 60 ጥርስ ውሰዱ። ጥርስ በበዛ ቁጥር ቆረጣው ይለሰልሳል፣ ግን ይዘገያል፣ ሰጋቱራውንም ቶሎ አያወጣም። ስለዚህ በ60 ጥርስ ወፍራም ጣውላ በርዝመቱ ልሰንጥቅ ማለት እንጨቱንም ዲስኩንም ማቃጠል ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ማሽኑን ከሚያከራየው ሰው ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የዲስኩ ዲያሜትር፣ የመሐል ቀዳዳው ስፋትና የማሽኑ ፍጥነት። ቀዳዳው ከማሽን ማሽን ይለያያል፣ 16 ሚሊ አለ፣ 20 አለ፣ 30 አለ፤ በግምት የተገዛ ዲስክ አይገባም ወይም ይላወሳል። ዲስኩ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ፍጥነት ደግሞ ከማሽኑ ፍጥነት ማነስ የለበትም። ስትገጥሙ ማሽኑን ከሶኬት ንቀሉ፣ የባትሪ ከሆነም ባትሪውን አውጡ። ዲስኩ ላይ ያለው ቀስት ከማሽኑ ቀስት ጋር አንድ አቅጣጫ ይሁን። ብሎኑ አልፈታ ካለ በጉልበት ከመታገላችሁ በፊት አቅጣጫውን እዩ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈታው ዲስኩ በሚዞርበት አቅጣጫ ነው።

ማሽኑን ስትረከቡ አትቸኩሉ። እዚያው፣ አከራዩ ፊት፣ የታችኛውን መከላከያ ሽፋን በእጃችሁ ከፍታችሁ ልቀቁት። ወዲያው ጠቅ ብሎ መመለስ አለበት። ከዘገየ ወይም በግማሽ ከቆመ ያንን ማሽን አትውሰዱ፣ ሌላ ይስጧችሁ። ሽፋኑ በሽቦ ወይም በሽብልቅ ተከፍቶ የታሰረ ካገኛችሁማ ከነጭራሹ ከዚያ ቦታ አትከራዩ። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃችሁ ዳብሱት፣ የተላጠ ወይም በፕላስተር የተጠቀለለ እንዳይኖረው። እንጨቱ ላይ የሚንሸራተተው የብረት መቀመጫ ጠፍጣፋ መሆኑን እዩ፤ ወድቆ የታጠፈ ከሆነ ቆረጣችሁ ቀጥ አይልም። ዲስኩን ይዛችሁ ወደ ጎን አነቃንቁት፣ ከተላወሰ ዘንጉ አልቋል። ከዚያ አስነሡት፣ ልቀቁትና ሲቆም አዳምጡ። ቀድሞ የነበረውን ጭረትና ስብራት በስልክ ፎቶ አንሡ። በመያዣነት ያስያዛችሁት ገንዘብ መቼና እንዴት እንደሚመለስ፣ ቀኑ 24 ሰዓት ነው ወይስ እስከ መዝጊያ ሰዓት ብቻ፣ ዘግይቶ ለተመለሰ ስንት እንደሚጨመር፣ እነዚህን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ያዙ።

ገመድ ያለውና ባትሪ ያለው እኩል ከቀረበላችሁ ባለ ገመዱን ውሰዱ። የኪራይ ባትሪ ያረጀ ሊሆን ይችላል፣ ረጅም ቆረጣ ደግሞ ባትሪ ይጨርሳል፤ ቻርጅ እስኪያደርግ የምትጠብቁበት ሰዓትም ኪራይ ይቆጥራል። ኤክስቴንሽን የምትጠቀሙ ከሆነ ወፍራም ይሁን፣ የተጠቀለለውንም ሙሉ በሙሉ ዘርጉት። እንደተጠቀለለ ከሠራ ይሞቃል። ረጅምና ቀጭን ከሆነ ደግሞ ማሽኑ በቂ ኃይል አያገኝም፣ ሞተሩ ይደክማል።

አሁን የኪራዩ ቀን ነው። የኪራይ ትልቁ ችግር ዋጋው አይደለም፣ ጥድፊያው ነው። ነገ ጠዋት ይመለሳል የተባለ ማሽን ሰውን ያጣድፋል። በጥድፊያ ውስጥ ሰው መነጽር ማድረግ ይረሳል፣ እንጨት ሳያስር ይቆርጣል፣ ሲመሽም በደከመ እጅ አንዷን ልጨርስ ይላል። ይህ በጣም ያሳስበኛል። ስለዚህ ማሽኑ ቤት ከመግባቱ በፊት መሠራት የሚችለው ሁሉ ተሠርቶ ያድር። እንጨቱ ቤት ውስጥ ይሁን። መስመሩ ሁሉ ይሰመር፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ስሙ ይጻፍበት፣ የሚጣለው በኩል የኤክስ ምልክት ይደረግበት። መሪ የሚሆነው ቀጥ ያለ ጣውላ፣ ቢያንስ ሁለት ሞርሴቶ፣ መነጽር፣ የጆሮ መከላከያና ጭንብል ይዘጋጁ። በዚህ ዓይነት የተዘጋጀ መደርደሪያ ቆረጣው በግማሽ ቀን ያልቃል። ካልተዘጋጀ ግን የኪራዩ ጊዜ ግማሹ ሜትር በመዘርጋት ያልፋል።

የመጀመሪያውን ቆረጣ አብረን እንየው። ኮምፔንሳቶው መሬት ላይ ወይም ዝቅ ባለ ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። ከሥሩ አራት ሞራሌ ተረብርቧል፤ ሁለቱ ከመስመሩ በዚህ በኩል፣ ሁለቱ በዚያ በኩል። ይህ አረባረብ ዋናው ነገር ነው። እንጨቱ በሁለት ጫፉ ብቻ ከተደገፈ ወደ መጨረሻው ሲደረስ መሐሉ ይሰምጥና ክፍተቱ ዲስኩን እንደ መንጋጋ ይነክሰዋል። የተነከሰ ዲስክ መዞር ሲያቅተው ማሽኑን ወደ ኋላ፣ ወደ ያዘው ሰው ይወረውረዋል። ብዙ ጉዳት የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። ሁለቱም ግማሽ በየራሱ ሲደገፍ ግን ቆረጣው ሲያልቅ ሁለቱም ባሉበት ይቀራሉ።

ጥሩው ፊት ወደ ታች ይሁን። ሰርኩላር ከታች ወደ ላይ ነው የሚቆርጠው፣ ስለዚህ ስንጣሪው የሚነሳው ከላይ ነው። (በጠረጴዛ መጋዝ ተቃራኒው ነው፣ ጥሩው ፊት ወደ ላይ።) ሁለቱም ፊት የሚታይ ከሆነ መስመሩን በቢላ አስምሩ፣ ወይም የወረቀት ፕላስተር ለጥፋችሁ በላዩ ላይ ቁረጡ። የዲስኩን ጥልቀት አስተካክሉ፤ ከእንጨቱ ሥር ከ3 እስከ 6 ሚሊ ብቻ ብቅ ይበል። ሙሉውን ማውረድ ትርፉ አደጋ ነው። ከዚያ መሪውን እሰሩ። ከመቀመጫው ጠርዝ እስከ ዲስኩ ጥርስ ያለውን ርቀት አንዴ ለክታችሁ መሪው ላይ ጻፉት፤ ከመስመሩ ያንን ያህል ራቅ አድርጋችሁ በሁለቱም ጫፍ በሞርሴቶ አጥብቁት። ማሽኑን ሳታስነሡ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንዴ አንሸራቱት። ገመዱ የሆነ ቦታ ይያዝ እንደሆነ፣ ሞርሴቶው ሞተሩን ይነካ እንደሆነ አሁን ይታያል። ከተያዘ አሁን አስተካክሉት፣ ዲስኩ እየዞረ መሐል ላይ ማቆም ጥሩ አይደለም።

ከዚያ ከዲስኩ መስመር ወደ ጎን ፈቀቅ ብላችሁ ቁሙ። ከኋላው አትቁሙ። ማሽኑ እንጨቱን ሳይነካ ይነሣ፣ ሙሉ ፍጥነት ይያዝ፣ ከዚያ ግቡ። ድምፁን አዳምጡ። እኩል ዜማ ካለው ጥሩ እየሄደ ነው። ከወፈረ ፈጥናችኋል፣ ቀስ በሉ። የሽታ ነገር ካለ፣ እንጨቱ ከጠቆረ፣ ወይ ዲስኩ አይሆንም ወይ በጣም ቀስ ብላችኋል። መስመሩን ቢስት በጉልበት ለመመለስ አትሞክሩ፤ ልቀቁት፣ ዲስኩ እስኪቆም ጠብቁ፣ ማሽኑን ወደ ኋላ አውጥታችሁ እንደገና ጀምሩ። ሲያልቅም ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ማሽኑን መሬት አታስቀምጡ።

መነጽሩና የጆሮ መከላከያው የግድ ናቸው። ሰርኩላር መጋዝ 100 ዴሲቤል ገደማ ይጮሃል፣ አንዳንዱ ያልፋል። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ምክር በ85 ዴሲቤል 8 ሰዓት ይፈቅዳል፣ በ100 ዴሲቤል ግን ወደ 15 ደቂቃ ያወርደዋል። የአንድ ቀን ሥራ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም ማለት ነው። ብናኙም ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1995 እ.ኤ.አ. የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መድቦታል። ውጭ ወይም በር መስኮት ከፍታችሁ ሥሩ፣ ተራ ጨርቅ ሳይሆን ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ጭንብል አድርጉ፤ ኤምዲኤፍ (ከደቃቅ የእንጨት ቃጫና ማጣበቂያ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ) ስትቆርጡ በተለይ፣ ብናኙ እንደ ዱቄት ነው፣ ማጣበቂያውም ውስጡ አለ። ሰፊ እጅጌ ሰብስቡ፣ ረጅም ፀጉር ይታሰር፣ የአንገት ሐብልና ቀለበት ይውለቅ። ጓንት አታድርጉ። ጓንት የሚጠብቅ ይመስላል፣ ነገር ግን የሚዞር ጥርስ ጨርቁን ከያዘ እጅን ይዞ ነው የሚሄደው።

ከመመለሳችሁ በፊት በዝርዝሩ ላይ ያለውን ሁሉ በደረቁ ግጠሙት፣ ያለ ኮላና ያለ ብሎን። የጎደለ ወይም የረዘመ ካለ ማሽኑ ገና እጃችሁ ላይ ነው። ከዚያ ሰጋቱራውን በብሩሽ ከሽፋኑ ውስጥ አጽዱ፣ የራሳችሁን ዲስክ ፈትታችሁ በካርቶኑ ውስጥ አስቀምጡ፣ የነበረውን መልሳችሁ ግጠሙ።

ታዲያ መግዛት መቼ ነው የሚሻለው? ሒሳቡ ቀላል ነው። የማሽኑን ዋጋ ውሰዱና ሥራው ሲያልቅ ብትሸጡት የምታገኙትን ቀንሱ። የቀረውን ለአንድ ቀን ኪራይ አካፍሉት። መልሱ ኪራይና ግዢ እኩል የሚመጡበትን የቀን ብዛት ይነግራችኋል፤ ሥራችሁ ከዚያ ካለፈ ግዙ። የመመላለሻውን ወጪ ከኪራዩ ጋር መደመር አትርሱ። ሰው በብዛት የሚሳሳተው ግን ቀናቱን ሲቆጥር ነው። በሥራ ቀን ማታ ማታ እየተሠራ ለሳምንታት የሚንጠባጠብ ሥራ ለኪራይ አይመችም። በየቀኑ አንድ አንድ ሰዓት ብቻ የምትሠሩ ከሆነ፣ ወይም ሕፃን ልጅ ኖሮ ሥራው በማንኛውም ሰዓት የሚቋረጥ ከሆነ፣ የኪራዩ ሰዓት ሁሌ ይቀድማችኋል። እንዲህ ላለ ሰው ርካሽ የሆነ የራሱ ማሽን በጥሩ ዲስክ፣ ከኪራዩ ውድ ማሽን ይሻለዋል። ሳይጣደፍ ይሠራልና።

ያገለገለ መግዛትም ጥሩ መንገድ ነው፣ በተለይ ባለ ገመድ። ሰርኩላር መጋዝ ቀላል ማሽን ነው፣ በአግባቡ ከተያዘ ለዓመታት ይሠራል። ስታዩት እንደ ኪራዩ ፈትሹት፤ ሽፋኑን፣ ገመዱን፣ መቀመጫውን፣ የዘንጉን መላወስ። ከዚያ ሲሠራ በሞተሩ መተንፈሻ በኩል ተመልከቱ። ትንሽ ብልጭታ የተለመደ ነው። ክብ እየሠራ የሚሄድ ትልቅ ብልጭታና የተቃጠለ ሽታ ካለ ግን ተዉት። ባትሪ ያለውን ያገለገለ ከሆነ የምትገዙት፣ የባትሪው ዓይነት አሁንም የሚሸጥ መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ባትሪው ከገበያ የጠፋ ማሽን ባትሪው ሲሞት አብሮ ይሞታል። ሥራው ሲያልቅ መልሳችሁ ለመሸጥ ካሰባችሁም የዲስኩን መፍቻ ቁልፍ፣ የጎን መሪውንና ማኑዋሉን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሳጥኑ ውስጥ አንድ ላይ ያዟቸው፤ ገዢ ቀድሞ የሚጠይቀው እነሱን ነው።